የልብ ሐኪሙ የሚያደርገው ባለምስል መነጽር

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ልቡ በድንገት እየፈጠነ ስለሚያስቸግረው በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) እንዲታከም ተወስኗል። ሐኪሙ በሕክምናው ጊዜ ምስል የሚያሳይ መነጽር እንደሚያደርግ ሲነግረን፣ ልጄ መሞከሪያ ሊሆን ነው ብዬ ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እንደ እናት መስጋትዎ ተገቢ ነው። ይሁንና መነጽሩ የሚያገለግለው ሐኪሙን ነው፤ የልጅዎን ሰውነት አይነካም፣ ሕክምናውንም አይለውጥም። ቀጫጭን ካቴተሮች በብሽሽት በኩል በደም መልስ ሥር ገብተው ልብ ይደርሳሉ፤ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት እየለኩ ኮምፒውተሩ የልቡን ውስጣዊ ካርታ እንዲሠራ ያደርጋሉ፤ ከዚያም ምቱን የሚያፈጥነው ቦታ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ እንዲመክን ይደረጋል።

አስቸጋሪው ነገር፣ ጥልቀት ያለው የልብ ካርታ በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ መታየቱ ነው። ሐኪሙ እጁ ከጀርም ነጻ ሆኖ መቆየት ስላለበት ካርታውን ራሱ አይነካም፤ ኮምፒውተሩ ዘንድ የተቀመጠውን ባለሙያ «ወደ ግራ አዙርልኝ፣ ትንሽ ወደ ላይ» እያለ ያዛል። በመነጽሩ ግን የልጅዎ ልብ ካርታ ከፊቱ አየር ላይ እንደተንሳፈፈ ሆኖ ይታየዋል፤ ክፍሉንና ልጅዎንም ማየቱን ሳያቋርጥ በእይታው ብቻ ያዞረዋል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ መመከን ያለበት ቦታ ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው ምልክት ከሚያስተላልፈው አንጓ የሚርቀው በጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ አንጓው ከተጎዳ ደግሞ ፔስሜከር (የልብን ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) እስከ መትከል ሊያደርስ ይችላል።

በሴንት ሉዊስ ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ የሕፃናት የልብ ምት ሐኪሟ ጄኒፈር ሲልቫና ኢንጂነሩ ጆናታን ሲልቫ፣ ሆሎሌንስ በተባለው የማይክሮሶፍት ባለምስል መነጽር የሚሠራ እንዲህ ያለ ሥርዓት አበልጽገዋል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ለአገልግሎት ፈቅዶታል። በወጣት ታካሚዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ሐኪሞቹ ምልክት ወደተደረገባቸው ነጥቦች ካቴተሩን ያደረሱት ከስክሪኑ ይልቅ በመነጽሩ በተሻለ ትክክለኛነት ነው። ሆኖም ነጥቡ ላይ በትክክል መድረስና ሕመሙ ተመልሶ አለመምጣቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ስለዚህ ሆስፒታሉን በመነጽሩ ምክንያት ብቻ እንዲመርጡ አልመክርም። ከመነጽሩ በፊትም ቢሆን፣ የተለመዱት የዚህ ሕመም ዓይነቶች ሕክምና ልምድ ባላቸው ሐኪሞች እጅ ከ100 ታካሚዎች ከ90 በሚበልጡት ላይ ይሳካል።

ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቁት፤ በልጅዎ ዕድሜ ያሉ ስንት ታካሚዎችን አክሟል? መነጽሩ ቢበላሽ በተለመደው ስክሪን ይቀጥላል? አጠቃቀሙ የጥናት አካል ነው? የጥናት አካል ከሆነ የስምምነት ቅጽ ይቀርብልዎታል፣ የልጅዎም ፈቃድ ይጠየቃል፤ በጥናቱ አንሳተፍም ብትሉ ሕክምናው አይከለከልም። በእንግሊዝኛ ማብራሪያው ከከበደዎት የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመጣልዎ ይጠይቁ፤ ልጅዎን ግን አስተርጓሚ አያድርጉት። የልብ ምት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም መቼ እንደሚያቆም አስቀድመው ያረጋግጡ፤ አንዳንዶቹ ሕመሙ በምርመራው ጊዜ እንዳይቀሰቀስና ቦታው እንዳይገኝ ያደርጋሉ።