አለቃ ላልሆነ ሠራተኛ የአመራር ኮርስ ምን ይጠቅመዋል? (መልስ)

በማታው ክፍለ ጊዜ የሚማሩት የአመራር ኮርስ፣ አለቃ ላልሆኑት ለእርስዎ በባንክ ሥራዎ ምን እንደሚጠቅም ለጠየቁት፦ ሰውን እንደ ችሎታውና እንደ ተነሳሽነቱ ማሠራትን ያስተምርዎታል፤ ለዚህም ሹመት አያስፈልግም።

የአመራር ተመራማሪዎቹ ፖል ሄርሲና ኬን ብላንቻርድ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረቡትን ይህንኑ ሐሳብ እዚያው ሥራዎ ላይ ይሞክሩት። አዲስ ካሸር የቀኑን ሒሳብ ሲዘጋ በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከሲስተሙ ጋር አልገጥም ቢለው፣ አጠገቡ ሆነው ቅደም ተከተሉን አንድ በአንድ ያሳዩት፤ ነባሩን ግን እንዲህ ቢከታተሉት ቅር ይለዋል፣ ሥራውንና የሚያልቅበትን ሰዓት መንገር ይበቃዋል። ማታ የተማሩትን በማግስቱ መፈተን መቻልዎ፣ በእኔ እምነት፣ የቀን ተማሪ የማያገኘው ትልቅ ዕድል ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ለአሳይመንት ስለ ቅርንጫፍዎ ሲጽፉ የባልደረቦችዎን ማንነት የሚያሳውቅ ነገር አያስገቡ፤ አብሮን የተማረ ሰው ስለ አለቃው ያቀረበው ጽሑፍ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ተሰምቶ ሁለቱን ለረጅም ጊዜ ሲያቀያይማቸው አይቻለሁ።