ለሌቨር አክሽን ጠመንጃ .357 ወይስ .44 ማግነም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ሌቨር አክሽን (ከሥሩ ባለው እጀታ የሚቀባበል) ጠመንጃ ልገዛ መሣሪያ መደብር ገብቼ አንዱን በ.357፣ ሌላውን በ.44 ማግነም ጥይት አሳዩኝ። ዋጋቸው ይቀራረባል። ቅዳሜና እሑድ ኢላማ መተኮስ፣ በወቅቱ ደግሞ አጋዘን ማደን እፈልጋለሁ። የቱ ይሻለኛል? .357ቱ ረከስ ያለውን .38 ስፔሻልም ይተኩሳል የሚሉትስ እውነት ነው?

መልስ፦ አደኑ የማይቀር ከሆነ .44ን ይውሰዱ። እርስዎ ጋ ነገሩን የሚቆርጠው ሕጉ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ በጠመንጃ አጋዘን ለማደን፣ ጥይቱ 100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ላይ ቢያንስ 1,000 ፉት-ፓውንድ ጉልበት እንዳለው የአምራቹ መረጃ ማሳየት አለበት። የተለመደው የፋብሪካ .357፣ ባለ 158 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ) አረሩ፣ ከጠመንጃ አፈሙዝ በሰከንድ 1,830 ጫማ ይወጣና 100 ያርድ ላይ የሚተርፈው 715 ፉት-ፓውንድ ነው። ወደቀ። ባለ 240 ግሬኑ .44 በ1,760 ጫማ ተነሥቶ እዚያው ርቀት ላይ 1,015 ይቀረዋል፤ ያለፈው ለጥቂት ነው። ቀለል ተደርጎ የተሞላ .44 ደግሞ ላያልፍ ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት የአምራቹን ሰንጠረዥ ይመልከቱ፤ ቁጥሩ ከጠመንጃ በርሜል የተለካ መሆኑንም ያረጋግጡ። ብዙ ፓኬት ላይ የሚታተመው የሽጉጥ ቁጥር ነውና።

ኦሃዮ ያላችሁ አንባቢዎች ይህ አይመለከታችሁም። እዚያ የሚታየው ጉልበቱ ሳይሆን የቀለሁ ቅርጽና የአረሩ ውፍረት ስለሆነ፣ .357 ለአጋዘን ተፈቅዷል።

የ.38 ስፔሻሉ ነገር እውነት ነው። የሁለቱ አረር ውፍረት አንድ ሲሆን የ.38 ቀለህ 29.3 ሚሊሜትር፣ የ.357 ደግሞ 32.8 ሚሊሜትር ይረዝማል። ጣጣው ያለው በዚህች 3.5 ሚሊሜትር ልዩነት ላይ ነው። .38 ሲደጋገም ጥይቱ በሚያርፍበት ክፍል ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ይሠራል። በላዩ .357 ሲያስገቡበት ወይ ጠበቅ ብሎ ይገባል፣ ወይ ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁ አልወጣም ይላል። ስለዚህ .38 ከተኮሱ በኋላ ወደ .357 ከመመለስዎ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይተው፣ ያንን ክፍል በነሐስ ብሩሽና በማጽጃ ፈሳሽ ይፈትጉት። ሌላው ችግር አቀባበል ነው፤ ጥይቱን ከካዝናው ወደ ላይ የሚያነሣው ክፍል የተስተካከለው ለረጅሙ ጥይት ስለሆነ፣ አጭሩ አንዳንድ ጠመንጃ ላይ ይሰነቀራል። አረሩ እስከ ቀለሁ አፍ ድረስ የተዋጠውን ዓይነት ጨርሶ አይሞክሩት። .44ም .44 ስፔሻልን ይቀበላል፤ ግን እሱ ራሱ ርካሽ ስላልሆነ በዚያ በኩል ቁጠባ አይጠብቁ።

በየትኛውም ካሊበር ቢሆን ሹል ጫፍ ያለው ጠንካራ አረር አይግዙ። ካዝናው ቱቦ ነው፤ ጥይቶቹ ተከታትለው ስለሚተኙ የአንዱ ጫፍ የፊተኛውን መለኮሻ (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን) ይነካል፤ ጠመንጃው ሲናጥ እዚያው ሊፈነዳ ይችላል። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን፣ ወይም ለቱቦ ካዝና ተብሎ ለስላሳ ጫፍ የተሠራለትን ይምረጡ።

ያገለገለ .44 ካገኙ የበርሜሉን ጥምዝ (አረሩን የሚያሽከረክረውን የውስጥ ጠመዝማዛ) ይጠይቁ። የድሮው ማርሊን 1894 (የማርሊን ኩባንያ ሌቨር አክሽን ሞዴል) አረሩን አንድ ዙር የሚያሽከረክረው በ38 ኢንች ነው፤ ባለ 240 ግሬኑን በደንብ ይተኩሳል፣ ባለ 300 ግሬኑን ግን ይበትነዋል። መሣሪያ አምራቹ ሩገር ማርሊንን ከገዛ በኋላ በ2023 ያወጣው 1894 በ20 ኢንች ስለሚያዞር ከባዱንም ይችላል።

ማነጣጠሪያውን 100 ያርድ ላይ ያስተካክሉ። .44ቱ 150 ያርድ ላይ 15 ሴንቲሜትር ያህል ይወርዳል፤ 200 ላይ ወደ ግማሽ ሜትር ይጠጋል፣ ጉልበቱም ወደ 660 ፉት-ፓውንድ ያሽቆለቁላል። በእኛ ግምት አጋዘን ላይ ከ125 ያርድ በላይ መተኮስ የለብዎትም። ደግሞም በኮሎራዶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 (በፈረንጆች) ወዲህ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት ወስዶ ካርድ ካልያዘ የአደን ፈቃድ አይሸጥለትም፤ ኮርሱን ወቅቱ ሳይደርስ ይጨርሱ።