ታብሌቱን የት ላስቀምጠው?

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ግራፊክስ ጀማሪ ናት። «ጋሼ፣ የሥዕል ታብሌት ገዛሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የት ነው የማስቀምጠው?» ትላለች። ታብሌት ያለችው ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በብዕር የሚሳልበትን ሰሌዳ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የትኛውን ልግዛ ብሎ ነው። ከታብሌት ብራንዶቹ ዋኮም ይሻላል ወይስ ሁዮን? ስክሪን ያለው ወይስ የሌለው? የት ላስቀምጠው ያለኝ ሰው አላስታውስም። እኔ ግን ጥያቄውን ሳነበው አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ስለዚህ መልሱን ለእሷ ብቻ ከምጽፍ ለሁላችሁም ልጻፈው።

ነገሩ ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ እንሠራ ነበር። ያኔ የምንስለው በማውስ ነው። በማውስ ፀጉር ስሎ የማያውቅ ሰው ችግር አየሁ ባይል ደስ ይለኛል። አንድ ቀን አለቃችን ከዱባይ ትንሽ ታብሌት ይዞ መጣ። መሳያ ቦታው ከደብዳቤ ፖስታ ብዙም አይበልጥም። ለማን ይሰጥ ተብሎ አልተከራከርንም። ከመካከላችን እጁ የተባረከው ያ ባልደረባዬ ነበር። ስልክ እያወራ፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ የሰውን ፊት በጥቂት መስመር አውጥቶ ቁጭ ያደርገዋል።

ጠረጴዛው ለሥራ አስኪያጅ የተሠራ ከባድ እንጨት ነበር። ወንበሩ ደግሞ ጋዙ አልቆበት ቀስ እያለ ይወርዳል። ጠዋት ሲቀመጥ ደህና ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጠረጴዛው ብብቱ ሥር ገብቷል። መሃሉን ኪቦርዱ ስለያዘው ታብሌቱ ወደ ቀኝ ዳር ተገፋ። እሱም ክንዱን ዘርግቶ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ፣ አንገቱን ወደ ስክሪኑ ጠምዞ ሲስል ይውላል።

ሌላም ጣጣ ነበር። ሁለት ሞኒተር ነበረው፤ ያቺ ትንሽ ታብሌት ደግሞ ሁለቱንም እንድትሸፍን ተደርጋ ነው የተስተካከለችው። ስለዚህ ክብ ሲስል ጎኑ የተለጠጠ እንቁላል ይወጣል። እሱ ምን አደረገ? እጁን አስለመደው። ታብሌቱ ላይ ቀጭን ረጅም እንቁላል እየሳለ ስክሪኑ ላይ ድብልብል ያለ ክብ ማውጣት ቻለ። እኛም ዙሪያውን ቆመን አጨበጨብን! ጥፍር የምታህል እንቅስቃሴ ስክሪኑ ላይ ስንዝር ትሄዳለች፤ ስለዚህ ክንድ የሚባል ነገር ሥራ ፈትቶ ሁሉም በጣት ጫፍና በእጅ አንጓ ሆነ። መስመሩ እንዲወፍርለትም ብዕሩን በኃይል ይጫናል። ብዕሩን ሲያስቀምጥ አመልካች ጣቱ ላይ ጎድጓዳ ምልክት ይታይ ነበር።

መጀመሪያ እጁን ማራገፍ ጀመረ፣ ውሃ እንደሚያራግፍ ሰው። ቀጥሎ ሌሊት ደንዝዞ ይቀሰቅሰኛል አለ። የእንቁጣጣሽ ሥራ የሚጎርፍበት ወቅት ስለነበር ማን ይሰማዋል? ወጌሻ ጋ ሄደና ታሽቶ፣ በፋሻ ተጠቅልሎ ተመለሰ፤ ባሰበት። ቆይቶ ሐኪም ሲያየው አንጓው ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨቁኗል ተባለ። ጠረጴዛው ብቻውን አመጣው አልልም፤ ይህ ሕመም መንስኤው ብዙ ነው። ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ማን ደህና ይሆናል? እሱ ሥዕሉን ትቶ ወደ ንግድ ገባ። ዛሬ መርካቶ ሱቅ አለው፤ ኑሮውም ከኔ ይሻላል።

የሚቆጨኝ ይህ አይደለም። የተካው ልጅ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ይሄ ጠረጴዛ አይመቸኝም» ብሎ ጮኸ። አናጺ ተጠራና አራቱንም እግር አራት አራት ጣት ቆረጠላቸው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ክፍያውን ከጥቃቅን ወጪ ነው የሰጡት። ያንን ሁሉ ጊዜ ከጎኑ የተቀመጥን ሰዎች፣ ዓይናችን ከስክሪኑ ወርዶ ጠረጴዛውን አላየም።

እንግዲህ ወደ ልጅቷ ጥያቄ። ታብሌቱ ፊት ለፊትሽ ይሁን፣ ከሞኒተሩ ጋር በአንድ መስመር። ከቦታው የሚነሳው ኪቦርዱ ነው፤ ወደ ግራ ይሂድ፣ ግራ እጅሽ ሾርትከቱን፣ ማለትም አቋራጭ ቁልፎቹን፣ እዚያው ይምታ። ግራኝ ከሆንሽ ገልብጪው፤ ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ በሚያግባባው ፕሮግራም፣ በድራይቨሩ ውስጥ፣ ለግራ እጅ ማስተካከያ አለ።

ቀጥሎ ክርንሽን እዪ። ትከሻሽን ጥለሽ፣ ክርንሽን ወደ 90 ዲግሪ አጥፈሽ ስትቀመጪ ክንድሽ ታብሌቱ ላይ ሳይነሳ ሳይወርድ ማረፍ አለበት። የተለመደው የቢሮ ጠረጴዛ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ለሆነች ልጅ ይህ ይበዛል። ጠረጴዛ መቁረጥ ካልቻልሽ ወንበሩን ከፍ አድርጊና እግርሽ እንዳይንጠለጠል ካርቶንም ሆነ ጣውላ ከሥሩ አስገቢ። ሞኒተሩ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ የላይኛው ጠርዙ ከዓይንሽ አይብለጥ። ላፕቶፕ ከሆነ መጽሐፍ ደርድረሽ አንሺው።

ሴቲንጉን አትለፊው። ታብሌቱን አንድ ሞኒተር ላይ ብቻ ወስኚው። ዋኮም ላይ «ፎርስ ፕሮፖርሽንስ» የሚል አለ፤ እሱን ስትመርጪ ክብ ክብ ሆኖ ይወጣል። የብዕሩን ስሜትም ወደ ለስላሳው አምጪው፤ መስመር ለማውፈር ጉልበት አያስፈልግም።

ስክሪን ያለውን የገዛችሁ ደግሞ አንገታችሁን ጠብቁ። ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁት ስትጎብጡ እየዋላችሁ ነው። ማቆሚያው ላይ ቀና አድርጉት። በጣም ከቀና ግን ክንዳችሁ አየር ላይ ይቀርና ትከሻ ይደክማል፤ እየሞከራችሁ መሃሉን ፈልጉ። እውነቱን ለመናገር ስክሪን የሌለው ለአንገት ይሻላል፤ ቀና ብሎ ያስላል። ዋጋውም ያንሳል። እናንተ ግን ስክሪን ያለው ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ትላላችሁ። ቀለሙ የሚቀያየር መብራት ግድግዳው ላይ ለጥፎ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ትውልድ ገርሞኛል። ቢያንስ ትጠይቃላችሁ፤ እኛ ያም አልነበረንም።

ይህን ሁሉ ስል እኔ ማታ ማታ ሶፋ ላይ ተደግፌ፣ ታብሌቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምስለው። ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ብታይ ትስቃለች። የብራና ቁም ጸሐፊዎቻችንስ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አይደል ያን የመሰለ ፊደል የጣሉት? ስለዚህ የ90 ዲግሪውን ነገር እንደ ሕግ አትያዙብኝ። ክፉው አንድ አቀማመጥ ላይ ደርቆ መዋል ነው። ተነሡ፣ ሻይ አፍሉ፣ በመስኮት ራቅ ያለ ነገር እዩ።

እጅ ሌሊት የሚደነዝዝ ከሆነ ግን የወንበር ጉዳይ አልፏል፤ ሐኪም ይየው። ወጌሻ አላልኩም።

ልጄ፣ የገዛሽው መካከለኛ መጠን ያንሰኝ ይሆን ብለሽም ጠይቀሽኝ ነበር። መካከለኛው ይበቃሻል። ትልቁ ክንድን ነፃ ያወጣል፣ ደስ ይላል፤ ግን የላክሽልኝን ፎቶ አይቻለሁ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይገባም። ፕሪንተሩን መሬት ካወረድሽው እንነጋገራለን።