ሳቶሺ፣ ሳት ወይስ እልፍ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ የቢትኮይን ዋሌት (ይህ ዲጂታል ገንዘብ የሚያዝበትና የሚላክበት) መተግበሪያ ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። የቢትኮይን ትንሿ ክፍል ሳቶሺ ትባላለች። አንዱ ጓደኛዬ «እንዳለ ሳቶሺ ይባል» ይላል። ሌላው ፈረንጆቹም ስለሚያሳጥሩት «ሳት» እንበለው ይላል። እኔ ደግሞ «ጤፍ» የሚል ስም አምጥቻለሁ። ትንሽ ናት፣ የእኛ ናት፣ አፍ ላይም ትቀራለች። ማናችን ልክ ነን? «ሳቶሺዎች» ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ ቀላል ነው። አማርኛ መለኪያን ከቁጥር በኋላ አያበዛም። አምስት ብር እንላለን እንጂ አምስት ብሮች አንልም። ሦስት ኪሎ፣ አሥር ሜትር፣ ሃምሳ ሳንቲም። ስለዚህ «ሁለት ሺህ ሳቶሺ» ነው። የመተግበሪያው እንግሊዝኛ ጽሑፍ ለነጠላና ለብዙ ሁለት ቦታ ቢሰጣችሁ ሁለቱንም በአንድ ቃል ሙሏቸው።

አሁን ወደ ስሙ። የገንዘብ ስም ጥሩነቱ የሚታወቀው ትርጉሙ ሲያምር አይደለም። ከቁጥር ጎን ቁጭ ሲል፣ «የለኝም» ሲከተለው፣ «ላክልኝ» ሲባልበት ነው። ጤፍን በዚህ እንፈትናት። «በሺህ ጤፍ ጤፍ ገዛሁ» ልትሉ ነው። እናታችሁ «ጤፍ ስንት ገባ?» ብላ ስትጠይቅ ስለየትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? ጤፍ በየቀኑ የሚሸጥ የሚለወጥ እህል ነው፤ ዋጋው ከአፋችን አይጠፋም። በዚያ ላይ ስሙን «ጠፋ» ከሚለው ግስ ጋር የሚያያይዙ ብዙ ናቸው፤ ፍሬዋ ከእጅ ካመለጠች አትገኝም በሚል። የቢትኮይን የግል ቁልፍ፣ ማለትም ገንዘቡን ለማዘዝ የሚያስችለው ምስጢራዊ ቁጥር፣ ደግሞ አንዴ ከጠፋ ገንዘቡን ማንም መልሶ አይሰጥም። ሰው ዋሌቱን በከፈተ ቁጥር «ጠፋ»ን የሚያስታውስ ስም አይመቸኝም።

«ሳት» ከዚህም ይብሳል። «ሳት ብሎኝ ነው» ማለት ተሳስቼ ነው ማለት ነው። ዘመዱ «ሳተ» ነው፦ ኢላማውን ሳተ፣ መንገድ ሳተ፣ ራሱን ሳተ። በቢትኮይን ደግሞ ወደ ተሳሳተ አድራሻ የተላከ ገንዘብ ከጸደቀ በኋላ አይመለስም። «ሃያ ሺህ ሳት ላክሁልህ» ሲባል የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ለእንግሊዝኛ ጆሮ ሳት እንዲህ ያለ ክፉ ትርጉም የለውም፤ ለእኛ ግን አለው። ስም ከሌላ ቋንቋ ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ድምፁ እኛ ቤት ውስጥ ባለቤት አለው ወይ?

ሳቶሺስ? «የባዕድ ቃል ነው» በሚል ብቻ የምትጥሉት ከሆነ የገንዘባችንን ታሪክ ተመልከቱ። ብር የራሳችን ነው፤ ስሙ ከማዕድኑ የመጣ ነው። ዝርዝሩ ግን ብዙ ጊዜ እንግዳ ነበር። ሳንቲም ከፈረንሳይኛ መጣ። ቤሳ ከህንዱ ፓይሳ ጋር ዘመድ ነው። ግርሽ ከአረብና ከቱርክ ገበያ ነው። ሃምሳ ሳንቲሙን ሽልንግ ያልነው ከእንግሊዝ ወስደን ነው። ዛሬ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የሚል ሰው ስለ ህንድ አያስብም። በሰው ስም መጥራትም አዲስ አይደለም። ማርትሬዛ የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ መልኳም ስሟም በብሩ ላይ ሆኖ አገራችንን ዞሯል። ሳቶሺም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የቢትኮይንን ንድፍ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ያወጣው፣ ማንነቱ እስካሁን ያልተረጋገጠው ሰው መጠሪያ ነው። ሌሎቹ ዲጂታል ገንዘቦችም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። የኢተር ትንሿ ክፍል ዌይ፣ የካርዳኖዋ ላቭሌስ፣ የሶላናዋ ላምፖርት፣ ሁሉም የሰው ስም ናቸው።

ሰዋስዉም አያስቸግርም። ሳቶሺ እንደ ታክሲ ይሄዳል፦ ታክሲው፣ ሳቶሺው፤ ታክሲዬ፣ ሳቶሺዬ። አንድ ነገር ብቻ ያሰጋኝ ነበር። መጨረሻው «ሺ» ስለሆነ ከቁጥሩ ሺህ ጋር ይምታታል ብዬ። ጮክ ብዬ ደጋግሜ ስለው ግን ተቃራኒው ሆነ። «ሺህ ሳቶሺ» ቤት ይመታል። ጆሮ ይወደዋል። ስለዚህ ሳቶሺ ይቆይ፤ ቁጥሩን በፊደል ስትጽፉት ግን ሁልጊዜ «ሺህ» ብላችሁ በሙሉ ጻፉት።

ይሁን እንጂ የጥያቄህን ልብ አልዘነጋሁም። የእኛ የሆነ ነገር ይግባበት ነው የምትለው። ለዚህ የማቀርብላችሁ አለኝ። አንድ ቢትኮይን 100,000,000 ሳቶሺ ነው። ይህን ቁጥር በግዕዝ አኃዝ ብትጽፉት ፼፼ ይሆናል። ፼ እልፍ ነው፣ አሥር ሺህ። እልፍ ጊዜ እልፍ ልክ መቶ ሚሊዮን ይመጣል፤ አንድም አይጎድል፣ አንድም አይተርፍ። ይህን ያገኘሁ ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ። እንግዲህ 10,000 ሳቶሺን «አንድ እልፍ» በሉት። አንድ ቢትኮይን እልፍ እልፍ ይሆናል። ሳቶሺ ለብቻዋ በጣም ትንሽ ናት፣ ቢትኮይን ደግሞ በጣም ትልቅ ነው፤ በመካከል የሚመች ስም ያስፈልጋል።

በፈተናዎቹ እናሳልፈው። «ሦስት እልፍ ላክልኝ»፣ ይሄዳል። «አንድ እልፍ እንኳ የለኝም»፣ ይሄዳል። አጭር ነው፣ ብዙ ቁጥር አይጠይቅም። ድምፁም እንደ ሳት ክፉ ዘመድ የለውም፤ «እልፍ በሉ» እንግዳ ወደ ውስጥ የምናስገባበት ቃል ነው። «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል» የሚለውን ተረትማ ማን ያላወቀ አለ?

አንድ እንቅፋት ግን አለው። አረብ አገር የሠራች እህታችን «አልፍ» ሺህ መሆኑን ታውቃለች። እስራኤል ያለው ወገናችንም «ኤሌፍ» ሲል ሺህ ማለቱ ነው። ቃሎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ በግዕዝና በአማርኛ ግን እልፍ አሥር ሺህ ነው። ገንዘብ ላይ ይህ ልዩነት አሥር እጥፍ ስለሆነ ዝም ብሎ መታለፍ የለበትም። የመላኪያው ገጽ ላይ «3 እልፍ» በሚለው ሥር «30,000 ሳቶሺ» ብላችሁ አስቀምጡ። ፊደሉም በአልፉ «እ» ይሁን፣ በዓይኑ «ዕ» አትጻፉት።