ኮርኒስ ውስጥ ስለሚገባ ስፒከር ጠይቁኝ

ሥራዬ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። ስፒከሩ በኋላ የመጣ ነው፤ አንድ ደንበኛ «አንተው ግጠመው» አለኝ፣ በዚያው ቀረሁ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ኮርኒስ እየበሳሁ ነው የምኖረው። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁ። ኮርኒሳችሁ ገና ያልተዘጋ ካላችሁ ግን ማንበቡን ለማታ አቆዩትና አሁን ገመድ ግዙ። ስፒከር በማንኛውም ቀን ይገዛል።

ከአያት ሰፈር፦ ቤቴን እየጨረስኩ ነው። የጂፕሰም ሠራተኞቹ ሰኞ ይገባሉ። ስፒከር ገና አልገዛሁም። ምን ላስቀድም?

ገመዱን። አምፕሊፋየሩ (አምፕ የምንለው፣ ለስፒከሮቹ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) የሚቀመጥበትን ቦታ ዛሬ ወስን፤ አብዛኛው ሰው ቲቪው ሥር ያደርገዋል። ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ስፒከር ለየብቻው ገመድ ይሂድ። አንዱን ከአንዱ እየቀጠልክ አትሂድ፣ ኋላ ሐሳብህን ብትቀይር ትቸገራለህ። እስከ 15 ሜትር ድረስ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ከራቀ ባለ 2.5 አድርግ። ባለ ብዙ ክር፣ የሚተጣጠፈው ይሁን። ስፒከሩ ጋ አንድ ሜትር ትርፍ ጠቅልለህ ተው። ጫፎቹ ላይ በናስትሮ ቁጥር ለጥፍ።

ገመዱ መዳብ መሆኑንም እይ። ከላይ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ገበያው ውስጥ ሞልቷል። አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርገው፤ ውስጡ ከነጣ አልሙኒየም ነው። ይሠራል፣ ግን ያው ውፍረት ኖሮት ከመዳቡ ያነሰ ያስተላልፋል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይበጠሳል።

ጂፕሰሙ ከመለጠፉ በፊት ደግሞ ሜትር ዘርግተህ እያንዳንዱን ገመድ ከግድግዳው ስንት እንደሚርቅ የሚያሳይ ፎቶ አንሳ። ይህን ያላደረገ ሰው ቤት ሄጄ ኮርኒስ እያንኳኳሁ ግማሽ ቀን ፈልጌአለሁ።

ያው ከአያት፦ የመብራት ሠራተኛው «ለምን ሌላ ኮንዲዩት (የሽቦ ቱቦ) ታወጣለህ፣ ከመብራቱ ጋር ላሳልፈው» ይላል።

በፍጹም። የመብራቱ ሽቦ አንድ ቀን ቢላጥ 220 ቮልቱ ወደ አምፕህ፣ ከአምፑም ወደ እጅህ ይመጣል። ባይላጥም «እምም» የሚል ድምፅ ሊያመጣብህ ይችላል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ከሆነ 30 ሳንቲ ያህል አራርቃቸው። መተላለፋቸው ግድ ከሆነ መስቀለኛ ይሁኑ።

ከጀሞ፦ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። ጣሪያዬ ሶሌታ ነው። በስቼ ማስገባት እችላለሁ?

አይቻልም፣ አይሞከርምም። ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ሶሌታቸው ተሠርተው በመጡ ቢሞችና በመካከላቸው በተደረደረ ባዶ ብሎኬት ነው የተሞላው። ብሎኬቱ ክፍት ስለሆነ ያጓጓል። ግን የምትነካው ሕንፃውን የያዘውን ነገር ነው፣ ሕንፃው ደግሞ የአንተ ብቻ አይደለም። ያለህ መንገድ ከሥሩ ጂፕሰም መስቀል ነው። ለስፒከሩ ጥልቀት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ያስፈልግሃል፤ ቀድሞም ዝቅ ያለ ጣሪያ ላይ ይህ ይታያል። ክፍሉን በሙሉ ከማውረድ ዳር ዳሩን ብቻ አውርድ። እውነቱን ንገረኝ ካልክ ግን፣ እኔ ብሆን መደርደሪያ ላይ ሁለት ጥሩ ስፒከር አስቀምጬ ብሩን አተርፍ ነበር።

ከጉለሌ፦ ቤታችን የቆየ ነው፣ ኮርኒሱ ቺፑድ። ከላይ ቆርቆሮ። ይሸከማል ወይ?

እማማ፣ ስፒከሩ ራሱ ሁለት ሦስት ኪሎ ነው። ችግሩ ክብደቱ ብቻ አይደለም። ቺፑድ ውኃ ከነካው ያብጣል፣ ከዚያ ይፈረፈራል። የስፒከሩ መያዣዎች ደግሞ ሰሌዳውን ቆንጥጠው ነው የሚይዙት። ቢጫ የውኃ ምልክት ያለበት ቦታ ከሆነ እዚያ አያስገጥሙ። መጀመሪያ ቆርቆሮው ይታይ። ደህና ከሆነም በሁለቱ ሞራሌዎች መካከል ተጨማሪ እንጨት አስመትተው ጭነቱ በእሱ ላይ ይረፍ።

ሌላው አይጥ ነው። ይስቁ ይሆናል። የስፒከር ወረቀቱንም ገመዱንም ትበላለች። ከላይ ክዳን እንዲሠራለት ያድርጉ፣ ጣውላም ይሁን ቆርቆሮ። ክዳኑ አቧራውንም ጠብታውንም ይከላከላል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግን ምንም ስፒከር አያሸንፈውም፤ ያኔ ቡና ይጠጡ።

ከሳሪስ፦ ሳሎኔ ሰፊ ነው፣ 4 ስፒከር ገዛሁ፣ ሁሉም 8 ኦም። አምፑ ሁለት መውጫ ብቻ አለው። አንድ ላይ ላስራቸው?

እዚህ ላይ ነው አምፕ የሚቃጠለው፣ ስለዚህ ቀስ እንበል። ኦም ማለት ስፒከሩ ከረንቱን የሚቋቋምበት መጠን ነው።

ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ ሁለት 8 ኦም ስታስር አምፑ የሚያየው 4 ኦም ነው። አራቱን በዚያው መንገድ አንድ መውጫ ላይ ካሰርክ 2 ኦም ይሆናል። ኦሙ ባነሰ ቁጥር አምፑ ብዙ ከረንት እንዲያወጣ ይገደዳል። ይሞቃል፣ ራሱን ያጠፋል፣ መከላከያ ከሌለው ይቃጠላል። የአምፑን ጀርባ አንብብ። «ከ4 እስከ 8» የሚል ከሆነ ሁለቱን በግራ፣ ሁለቱን በቀኝ መውጫ እሰር፤ በየመውጫው 4 ኦም ይሆናል፣ ጨረስክ። «8» ብቻ የሚል ከሆነ በየመውጫው አንድ ብቻ።

አራቱም የግድ አንድ መውጫ ላይ ከሆኑ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ (የአንዱን ኔጋቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ) እሰር፣ ያ 16 ይሆናል። ከዚያ ሁለቱን ጥንዶች ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ አገናኝ፣ ወደ 8 ይመለሳል። አራቱም አንድ ዓይነት ሞዴል መሆን አለባቸው።

ከአራት በላይ ለሚያስብ ሰው ሆቴሎች የሚጠቀሙበት የ100 ቮልት ሥርዓት አለ። እያንዳንዱ ስፒከር ትንሽ ትራንስፎርመር ይኖረዋል፣ ገመዱ ረጅም ቢሆንም አይጨነቅም። ለመኖሪያ ቤት ግን በብዛት ከልክ በላይ ነው።

ስንት ዋት ልግዛ? ሱቁ 3000 ዋት የሚል አሳየኝ።

የሳጥኑን ቁጥር እርሳው። ደህና ስፒከር በ1 ዋት አንድ ሜትር ላይ ወደ 88 ዴሲቤል ይሰጣል። በ10 ዋት 98 ይደርሳል። ሰው ሲያወራ 60 አካባቢ ነው። ለሳሎን በየስፒከሩ ከ30 እስከ 50 ዋት እውነተኛ ከሆነ ጎረቤት ያስጮሃል። መብራት ሲሄድ አምፑን ከሶኬት ነቅላችሁ እስኪመለስ ጠብቁ፣ አምፑ የሚጎዳው መብራቱ በሚመለስባት ቅጽበት ነው።

የቲቪውን ድምፅ በኮርኒሱ ስፒከር ብቻ ላድርገው?

አታድርግ። ዜና አንባቢዋ ፊትህ ተቀምጣ ድምፅዋ ከአናትህ ይመጣል። ሁለት ቀን ያዝናናሃል፣ ሦስተኛው ቀን ትሰለቻለህ። የቲቪ ድምፅ ከቲቪው በኩል ይምጣ። ኮርኒሱ ለሙዚቃ ነው፣ ወይ ደግሞ ለዶልቢ አትሞስ፣ ድምፅ ከላይም ለሚመጣበት የፊልም ድምፅ ሥርዓት። 5.1.2 ሲባል የመጨረሻዋ 2 ከላይ የሚሆኑት ናት። ሁለት ብቻ ከሆኑ ከሶፋው በላይ ወይም ትንሽ ወደ ፊት ናቸው።

አቀማመጥን በተመለከተ፦ ጣሪያህ 2.8 ሜትር ነው እንበል፣ የተቀመጠ ሰው ጆሮ 1.1 አካባቢ ነው። ልዩነቱ 1.7። ድምፁን በ90 ዲግሪ የሚበትን ስፒከር ጆሮ ላይ 3.4 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሸፍናል። ክቦቹን ወረቀት ላይ ሣላቸው፣ ስንት እንደሚያስፈልግህ ራሱ ይነግርሃል። ከግድግዳ 60 ሳንቲ አርቀው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኛ ጋ ሠራተኛው «ይህን ገመድ ግድግዳ ውስጥ አላስገባም» አለኝ። ከአዲስ አበባ ነበር ያመጣሁት።

ልክ ነው። አሜሪካ ግድግዳና ኮርኒስ ውስጥ የሚገባ የስፒከር ገመድ ልባሱ ላይ ሲኤል 2 ወይም ሲኤል 3 የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል፣ እሳት ሲነሳ እንዳያዛምት የተፈተነ ማለት ነው። አየር የሚያልፍበት ባዶ ቦታ ከሆነ ደግሞ ፒ ፊደል ይጨመርበታል። ጣሪያችሁ ከላይ ያለውን ቤት ከእሳት የሚለይ ከሆነ ቀዳዳ መብሳቱ ራሱ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። ቆንጆው ነገር፣ እናንተ ጋ እንጨቶቹ በአብዛኛው በየ16 ኢንች ስለሆኑ ቦታ መምረጥ ይቀላል።

ቀዳዳውን በምን ልቁረጥ?

ከስፒከሩ ጋር አብሮ የሚመጣውን የልክ ወረቀት ለጥፈህ በእርሳስ ክበብ፣ በጂፕሰም መጋዝ ቁረጥ። ባለ 6.5 ኢንቹ ብዙ ጊዜ 20 ሳንቲ አካባቢ ይፈልጋል፣ ግን በእኔ ቃል አትቁረጥ፣ በወረቀቱ ቁረጥ። ቀድመህ መሃሉን ትንሽ ብሳና የታጠፈ ሽቦ አስገብተህ ዙሪያውን አዙር፤ የሚነካ ነገር ካለ ቦታ ቀይር። ይህን የተማርኩት የመብራት ሽቦ ቆርጬ ደንበኛዬን ጨለማ ውስጥ ትቼ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርድ።

ግሪሉን (የፊቱን ወንፊት) ቀለም መቀባት ይቻላል?

ይቻላል። አውልቀው፣ በስፕሬይ፣ ስስ አድርገህ። በብሩሽ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ።

ከሳሪስ እንደገና፦ እንዳልከው አሰርኳቸው፣ አራቱም ይጮኻሉ። ግን መሃል ስቆም ቤዙ ይጠፋል።

አንዱ ተገልብጦ ታስሯል። ገመዱን ከአምፑ ነቅለህ፣ ለየብቻቸው አድርገህ፣ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት አስነካው። ፖዘቲቩ ፖዘቲቭ ላይ ከሆነ ስፒከሩ «ጠብ» ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ከተገለበጠ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጅህ ከታች ያስነካ፣ አንተ መሰላል ላይ ሆነህ እይ።

ከሳሪስ፦ ሦስተኛው ወደ ውስጥ ገባ!

በል ካቻቢቴህን ይዘህ ውጣ።