ትራክተሩ ሲሞቅ ማረሻውን ማንሳት ለምን ያቅተዋል?

በመራዊ አካባቢ፣ በቆጋ መስኖ ድንችና ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ አንባቢ ስለ 28 የፈረስ ጉልበት ትራክተራቸው ጽፈዋል። ጠዋት ማረሻውን ያለ ችግር ያነሳል፤ ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ግን እየተንቀጠቀጠ እስከ ግማሽ ብቻ ያነሳል፣ ከመቀመጫው ሥር ያፏጫል፣ ዘይቱም ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። ሞተሩ ሲጠፋ የተነሳው ማረሻ ባለበት ይቆያል። ፊልትሮው የተቀየረው ከሁለት ወር በፊት ነው። አንድ መካኒክ ዘይት እየገፋ ማረሻውን የሚያስነሳው የሃይድሮሊክ ፓምፕ ስላለቀ አዲስ ይግዙ ብሏቸዋል።

ፓምፑን አሁን እንዳይገዙ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ከጠቀሷቸው ምልክቶች መካከል የማረሻው ሳይወርድ መቆየት ብዙ ይነግረናል። የማንሻው ሲሊንደር ጎማ ወይም ዘይቱን በሲሊንደሩ ውስጥ ዘግቶ የሚይዘው ቫልቭ ቢያሳልፍ ኖሮ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ማረሻው ቀስ እያለ ዝቅ ይል ነበር። ስለዚህ ጉድለቱን የምንፈልገው ከዚያ በፊት፣ ማለትም በዘይቱ፣ ዘይቱን ወደ ፓምፑ በሚያመጣው የመሳቢያ መስመር፣ በፓምፑና ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ተከፍቶ ዘይቱን በሚመልሰው ሪሊፍ ቫልቭ ላይ ነው።

ዘይት ወተት የሚመስለው ውሃ ሲገባበት ወይም አየር ሲቀላቀልበት ነው፤ ሁለቱን ለመለየት ንጹሕ ብርጭቆ ይበቃል። ከሥራ እንደተመለሱ ከዘይቱ ቀድተው ሳይነቀንቁ ያስቀምጡት። አረፋው ወደ ላይ እየወጣ ዘይቱ ከታች ጀምሮ እየጠራ ከሄደ፣ የገባው አየር ነው። እስከ ማግስቱ ጠዋት እንደደፈረሰ ካደረ ወይም ከሥሩ ውሃ ካቆረ፣ ዘይቱ ውሃ ገብቶበታል። ከተጠራጠሩ በጋለ ብረት ላይ አንዲት ጠብታ ያሳርፉ፤ ውሃ ያለበት ዘይት ይንጣጣል። ክረምቱን ደጅ በዋለ ትራክተር ላይ ውሃ በማርሽ ዱላው ሥር ባለው የተቀደደ ጎማ ወይም በአየር መተንፈሻው በኩል ሊገባ ይችላል። እንዲህ ከሆነ መግቢያውን ዘግተው ዘይቱን በሙሉ ይቀይሩ፤ በአንድ ቅያሪ ካልጠራም ይድገሙት።

የእኔ ጥርጣሬ ግን ወደ አየሩ ያደላል፤ ምክንያቴም የፊልትሮው ቅያሪ ነው። ፊልትሮው በሚገኝበት፣ ከዘይት ማጠራቀሚያው እስከ ፓምፑ ባለው መስመር ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ነው። በዚያ በኩል የላላ ማሰሪያ ወይም የተቆነጠጠ ኦሪንግ (የማሸጊያ ጎማ ቀለበት) ካለ፣ ትራክተሩ እየሠራ ዘይት ወደ ውጭ ከማንጠባጠብ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከውጭ ሲታይ ሁሉም ደረቅና ጤነኛ ስለሚመስል ብዙዎች ያልፉታል። እናንተ ባላችሁበት ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው ኃይል ራሱ ዝቅ ያለ ነው፤ በመሳቢያው መስመር ላይ ያለች ትንሽ ጉድለት ቶሎ ጎልታ ትታያለች። እኔ ዘንድ ከመጡት አንዱ ፓምፑ ተቀይሮለት ፉጨቱ ያልተወው ትራክተር ነበር፤ ፊልትሮውን ስፈታ ኦሪንጉ ከመቀመጫው ወጥቶ በአንድ ጎኑ እንደ ክር ቀጥኖ አገኘሁት።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ትራክተሩን በደልዳላ መሬት ላይ አቁመው፣ ማረሻውን መሬት አስነክተው፣ የዘይቱን ልክ ይዩ፤ ማረሻው ተነስቶ ከለኩ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ዘይት ስለማይቆጠር ልኩ ያሳስትዎታል። ቀጥሎ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ሳለ፣ ከሚሽከረከር ነገር ሁሉ እጅዎንና ልብስዎን አርቀው፣ የመሳቢያውን ቱቦ መጋጠሚያዎችና የፊልትሮውን ዙሪያ አንድ በአንድ ወፍራም ግሪስ ይቀቡ። አንዱን ሲቀቡ ፉጨቱ ከቀነሰ ቦታውን አገኙት።

የተደፈነ ፊልትሮም ፓምፑን ያስፏጫል፤ ነገር ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚብሰው ዘይቱ ወፍራም በሆነበት በጠዋቱ ቅዝቃዜ ነው፤ የእርስዎ ትራክተር ግን የሚደክመው ሲሞቅ ነው። ጎዶሎውን የሞሉት በሌላ ዓይነት ዘይት ከሆነም ያስታውሱ። በአብዛኞቹ ትንንሽ ትራክተሮች ካምቢዮውና ሃይድሮሊኩ የሚጠቀሙት አንድ ዘይት ነው፤ መመሪያው ከሚያዘው የቀጠነ ዘይት ሲሞቅ በውስጥ ክፍተቶች እየሾለከ ጉልበት ያሳጣል።

አየሩ ከጠፋ በኋላም ድካሙ ካልተወው ግፊት መለካት ያስፈልጋል። እስከ 250 ባር የሚያነብ ጌጅ ያለው ባለሙያ፣ ዘይቱ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ፣ መመሪያው በሚያዘው የሞተር ፍጥነት ይለካልዎት፤ ሪሊፍ ቫልቩ እስኪከፍት ድረስ ማንሻውን መያዝ ያለበት ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ነው። ትክክለኛው ቁጥር በትራክተሩ መመሪያ ላይ ያለው ነው። ግፊቱ በቅዝቃዜም በሙቀትም እኩል ዝቅ ካለ መጀመሪያ ሪሊፍ ቫልቩ ይፈተሽ፤ ቆሻሻ ከፍቶት ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛ ሳለ ሙሉ ሆኖ ሲሞቅ የሚወርድ ከሆነ ግን በውስጥ የሚሾልክ ነገር አለ፤ ፓምፑ በትክክል የሚጠረጠረው ያኔ ነው። ግፊቱን ከፍ ለማድረግ ብሎ ከስፕሪንጉ ሥር ሮንዴላ የሚጨምር ሰው ካጋጠመዎ ይከልክሉት፤ ከመጠን ያለፈ ግፊት የፓምፑን አካል ይሰነጥቃል።

ማንኛውንም ቱቦ ከመፍታትዎ በፊት ማረሻውን መሬት ያስነኩ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ማንሻውንም ወዲያና ወዲህ በማድረግ የቀረውን ግፊት ያውጡ። በግፊት በኩል ያለ ፍሳሽን ፈጽሞ በእጅ አይፈልጉ፤ ካርቶን ይጠቀሙ። ከቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ነጥብ ቢያህልም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

በልኬት ተረጋግጦ ፓምፑ መቀየር ካለበት፣ የወጣውን ፊልትሮ ቀደው ውስጡን ይመልከቱ። የብረት ብናኝ ካዩ ማጠራቀሚያውና ቱቦዎቹ ታጥበው ዘይቱ በሙሉ ሳይቀየር አዲሱ ፓምፕ አይገጠም።