መንገዱ እስኪያልቅ ሱቄ ይቆይልኛል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በመንገድና በባቡር ግንባታ ስለሚነሱ ሰዎችና ስለ ትንንሽ ንግዶች የመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርጌ አምስቱን ልመልስ። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። እኔ እንደ መለኪያ የምይዘው ዓለም ባንክ ገንዘብ በሚያበድርባቸው ፕሮጀክቶች ላይ የሚሠራበትን የተነሺዎች ደንብ ነው። የአገርዎን ሕግ ከሱ ጋር ያስተያዩት።

የምኖረው በኪራይ ነው። ካሳው ለአከራዬ ከተከፈለ እኔ ባዶ እጄን ልወጣ ነው?

የቤቱ ካሳ የባለቤቱ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። ግን ተነሺ ማለት ባለ ካርታው ብቻ አይደለም። በደንቡ ሕጋዊ ይዞታ የሌለው ሰው እንኳ ለመሬቱ ካሳ ባያገኝም፣ በራሱ ገንዘብ ለሠራው ነገር ይከፈለዋል፤ ለመቋቋሚያም ይደገፋል። ተከራይም ለመዛወሪያ ድጋፍ ይጠይቃል።

ወሳኙ ቆጠራው ነው። ምዝገባው የሚዘጋበት ቀን ይታወጃል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ አይቆጠርም። ቆጣሪዎቹ አከራይዎን ብቻ አነጋግረው እንዳይሄዱ። ውልዎ በቃል ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ በወረቀት ያስፍሩት።

ገማቹ «ግንባታው አሮጌ ነው» ብሎ ከሱቄ ዋጋ ላይ ቀነሰብኝ። ልክ ነው?

በዚህ ደንብ ልክ አይደለም። ግምቱ የሚሠራው በመተኪያ ዋጋ ነው፤ ያንኑ የሚመስል ሱቅ ዛሬ ለመሥራት ስንት ይፈጃል ተብሎ። እርጅና አይቀነስም። የግምቱን ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ። ቅሬታዎንም በጽሑፍ ያስገቡ፤ ሲያስገቡ ኮፒው ላይ ማህተም ያስመቱ።

ሱቄ አልፈረሰም። ግን ፊቱ በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ደንበኛ በአንዲት ጣውላ ቦይ ተሻግሮ ነው የሚገባው። ካሳ የለም ተባልኩ።

የዛሬው ከባድ ጥያቄ ይሄ ነው። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ስሙ መዝገብ ላይ አለ። ከአጥር ጀርባ የቀረው ግን «ምን ተነካብህ?» ይባላል። ኪራዩ ይቆጥራል፣ ሠራተኛው ደመወዝ ይጠብቃል፣ የዱቤ ደብተሩ እየወፈረ ይሄዳል። በብዙ አገር ሕግ መግቢያው ለጊዜው ቢጠብ የጠፋው ገቢ አይካስም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄ ትልቅ ግፍ ነው፤ የከተማው ሁሉ መንገድ በጥቂት ባለሱቆች ኪሳራ ሊሠራ አይገባም።

የተሻለ ያደረጉ አሉ። የሎስ አንጀለስ የትራንስፖርት ተቋም በባቡር ግንባታ ለተጎዱ፣ ከ25 ያልበለጠ ሠራተኛ ላላቸው ንግዶች በዓመት እስከ 50,000 ዶላር የሚሰጥ ፈንድ አቋቁሟል። ብድር አይደለም፤ ኪራይና ደመወዝ የመሳሰለውን ቋሚ ወጪ መሸፈኛ ነው። ታዲያ ገቢ መቀነሱን በሰነድ ማሳየት ግድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይያዛል፤ ለግብር ሲሆን «ገበያ የለም» ብሎ ያሳወቀ፣ ለካሳ ሲሆን «ደርቶልኝ ነበር» ማለት ያቅተዋል።

እንዲህ ያለ ፈንድ ከሌለ ከገንዘብ በፊት ቀላሉን ይጠይቁ። መደገፊያ ያለው ሰፊ መሸጋገሪያ፣ «ሱቆቹ ክፍት ናቸው» የሚል ምልክት፣ ዕቃ የሚራገፍበት ሰዓት፣ የትኛው ቦታ መቼ እንደሚቆፈር የሚያሳውቅ የሥራ መርሐ ግብር። እነዚህ ለተቋራጩ እዚህ ግቡ የሚባሉ ወጪዎች አይደሉም። የሚቆፍረውን ልጅ አይቆጡ፤ እሱ ምንም አይወስንም። ከጎረቤት ባለሱቆች ጋር አንድ ደብዳቤ ፈርማችሁ የተቋራጩን ሥራ ለሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስና ለአሠሪው መሥሪያ ቤት አስገቡ። ፎቶም አንሱ፣ ቀኑ ይታወቅ። የየዕለቱን ሽያጭ መመዝገብም ዛሬ ጀምሩ።

ምትክ ቦታ ተሰጠን፤ ቦታው ጥሩ ነው፣ ገበያ ግን የለም። እምቢ ማለት እንችላለን?

ዝም ብሎ እምቢ ማለት ያስጎዳል፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ማቅረብ ግን መብት ነው። በህንዷ ሙምባይ፣ ዓለም ባንክ ገንዘብ ባበደረበት የከተማ ትራንስፖርት ፕሮጀክት የሆነውን ላንሳ። ባለሱቆች የሚሰጠን ቦታ ጠቧል፣ ከደንበኞቻችንም አርቆናል ብለው በባንኩ ፕሮጀክቶች የተጎዱ ሰዎችን አቤቱታ ለሚመረምረው የዓለም ባንክ የምርመራ ፓነል አቤት አሉ። ሌሎች ነዋሪዎችም አቤት ብለው ነበር። ፓነሉ ብዙ ጉድለት አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ባንኩ ለመንገዱና ለተነሺዎች ሥራ የሚለቀውን ገንዘብ ለወራት አገደ።

ደብዳቤያችሁ ላይ «ቦታው አልተመቸንም» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። ደንበኞቻችሁ ከየት እንደሚመጡ፣ በምን እንደሚመጡ፣ አዲሱ ቦታ ከታክሲ መያዣው ምን ያህል እንደሚርቅ አስረዱ። ንግድን የሚመለከተው የደንቡ ክፍል ከግድግዳው ሌላ ሦስት ነገር ይቆጥራል፦ አዲስ ቦታ የመፈለጊያ ወጪ፣ በዝውውሩ ጊዜ የቀረውን የተጣራ ገቢ፣ ማሽን ነቅሎ የመትከያ ወጪ። ሦስቱንም ለየብቻ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ሁለተኛው ነው።

«ሲያልቅ ገበያው ይደራል፣ ታገስ» ይሉኛል። ልታገስ?

ይደራ ይሆናል። ግን ለማን? ጣቢያ አጠገብ የቤትና የመሬት ዋጋ ብዙ ጊዜ ይጨምራል፤ ጭማሪው የሚገባው ግን ባለቤቱ ኪስ ነው። አቧራውን የበላው ተከራይ ሪባን በተቆረጠ ማግስት ኪራይ ጨምር ሊባል ይችላል። ስለዚህ አከራይዎን አሁን ያነጋግሩ፤ ሰፈሩ ተቆፋፍሮ ሌላ ተከራይ በማይገኝበት በዚህ ሰዓት። ግንባታው እስኪያልቅ ኪራዩ እንዲቀንስ፣ ካለቀ በኋላም ለተወሰኑ ዓመታት ጭማሪው ጣሪያ እንዲኖረው በውል ያስገቡ። እምቢ ካለዎት መታገሱን እንደገና ያስቡበት።